በብርሃን የጠፋውን ቀይ በብርሃን መመለስ፦ የማርክ ሮትኮ የሃርቫርድ ሥዕሎች ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2014 እስከ ጁላይ 2015 ድረስ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ የሚገኙትን የሃርቫርድ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች የጎበኘ ሰው ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት እስኪሆን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ነበረው። በአዳራሹ ግድግዳዎች ላይ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጡ አምስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። መደባቸው ጥልቅ ቀይና ወይን ጠጅ ሲሆን በላዩ ላይ በር ወይም መስኮት የሚመስሉ ቅርጾች ቆመዋል። አሥር ሰዓት ሲሞላ ከሥዕሎቹ ራቅ ብለው የተተከሉት ፕሮጀክተሮች ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ቀዩ ከሸራው ላይ ይገፈፋል፤ የሚቀረው አንዳንዱ ቦታ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ቦታ ወደ ግራጫ ያደላ የደበዘዘ ገጽ ነው። ተመልካቹ ቀኑን ሙሉ ሲያየው የቆየው ቀይ ከሸራው የጠፋ፣ በምትኩ ነጥብ በነጥብ ተሰልቶ ከፕሮጀክተር የሚወርድ ብርሃን መሆኑን በዓይኑ የሚያረጋግጠው በዚህች ቅጽበት ነበር።

በሥዕል፣ በቤት ውስጥ ንድፍ፣ በኤግዚቢሽን ዝግጅትና በኅትመት ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ቀለምን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ እንደሚገዛ ዕቃ እንቆጥረዋለን። ከሱቅ እንመርጠዋለን፣ እንቀባዋለን፣ እናስረክባለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የባለቤቱ ጉዳይ ይመስለናል። የሮትኮ የሃርቫርድ ሥዕሎች ታሪክ ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚያናጋ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቀለም ሦስት ወገኖች ማለትም የቀለሙ ዱቄት፣ የሚያርፍበት ብርሃንና የተቀመጠበት ክፍል ተስማምተው ካልሠሩት በስተቀር እንደማይኖር በአንድ ሥራ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል። ሥዕሎቹ የተጎዱት በሦስቱ መካከል ያለው ስምምነት ስለፈረሰ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለጥቂት ወራት የታደሱትም ከሦስቱ አንዱ፣ ብርሃኑ፣ የሌላውን ድርሻ ደርቦ እንዲሸከም ስለተደረገ ነው።

ሥራውና የታዘዘበት ቦታ

ማርክ ሮትኮ እ.ኤ.አ. በ1903 ዛሬ ዳውጋቭፒልስ ተብላ በምትጠራው የላትቪያ ከተማ ተወልዶ በ1913 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሠዓሊ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስሙ የገነነው በትላልቅ ሸራዎች ላይ ጠርዛቸው የለዘበ የቀለም መደቦችን በመደራረብ ነበር። ከዚያ ሥራው ጋር አብሮ የሚነሳው ለብርሃን ያለው ጥንቃቄ ነው። በ1961 በለንደን ዋይትቻፕል ጋለሪ ሥራዎቹ ሲታዩ የግድግዳው ነጭ በአፈርማ ቡናማና በጥቂት ቀይ እንዲሰበርና እንዲሞቅ፣ ብርሃኑም የተፈጥሮም ይሁን የኤሌክትሪክ እንዳይበረታ በጽሑፍ አሳስቧል። የሥዕሉ ብርሃን ከውስጡ እንደሚመጣ፣ ከውጭ የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ግን ያንን እንደሚያጠፋበት ያምን ነበር። ቀጥሎ የሚተረከው ጉዳት የደረሰው ስለ ብርሃን ግድ በሌለው ሠዓሊ ላይ ሳይሆን ከማንም በላይ በሚጨነቅ ሰው ሥራ ላይ መሆኑን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

የሃርቫርድ ሥራ የመጣው ሌላ ትልቅ ትዕዛዝ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሮትኮ በኒው ዮርክ በሲግራም ሕንጻ ውስጥ ለሚከፈት ውድ ምግብ ቤት የጀመራቸውን ሥዕሎች፣ ቦታው እንደማይመጥናቸው ሲረዳ ገንዘቡን መልሶ ትቷቸዋል። ሃርቫርድ ያቀረበለት ቦታም መመገቢያ አዳራሽ ነበር፤ ልዩነቱ የዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው። አዳራሹ የነበረው አርክቴክት ዦሴፕ ሉዊስ ሰርት በነደፈው ሆልዮክ ሴንተር በተባለው ሕንጻ አሥረኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ መስኮቶቹ በኩል ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። ለዘመኑ አርክቴክት መስታወት የክብር ምልክት ነበር፤ ለሥዕል ግን ከመስታወት የሚመጣው ሌላ ነገር ነው።

ሠዓሊው ስድስት ሸራዎችን ሠርቶ አምስቱ ተመረጡ። ሦስቱ ጎን ለጎን በአንድ ግድግዳ ላይ እንደ አንድ ሥዕል ሆነው፣ ሁለቱ ደግሞ በትይዩው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ታቀደ። ቁመታቸው 2.67 ሜትር ያህል ሲሆን የመካከለኛው ስፋት ከ4.5 ሜትር ይበልጣል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ናታን ፒውዚ ሥዕሎቹን ለማየት ወደ ሠዓሊው ስቱዲዮ በሄዱ ጊዜ ሮትኮ የሦስቱ ሥዕሎች ጨለማ የስቅለትን ሕማም፣ የሁለቱ ፈካ ያለ ቀለም ደግሞ ትንሣኤን እንዲያሳስብ ማሰቡን እንደነገራቸው ተመዝግቧል። የዓርብን ጥቁር መጋረጃና የእሑድ ሌሊቱን ጧፍ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር ግን ትርጉሙ በሙሉ የተንጠለጠለው በሁለት የቀይ ደረጃዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከጠፋ ንግግሩ ይጠፋል።

ሥዕሎቹ በ1963 በኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ከታዩ በኋላ በጃንዋሪ 1964 ሠዓሊው ራሱ ቆሞ እያየ በቦታቸው ተሰቀሉ። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ወይራና ሰናፍጭ የተቀላቀሉበት በሚመስል ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ ጨርቅ ተለብጦ ነበር። ይህ የዘፈቀደ ምርጫ አልነበረም። ዓይን አንድን ቀለም ብቻውን አያነብም፤ ከአጠገቡ ካለው ጋር እያነጻጸረ ነው የሚያነበው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል፣ ደንበኞች ጥቁሩ ክር ደብዝዟል እያሉ ሲያማርሩ መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ችግሩ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ ከተሸመኑት ቀለሞች ነበር። ወደ አረንጓዴ ያደላ ግድግዳ በአጠገቡ ያለውን ቀይ ይበልጥ ቀይ ያደርገዋል። ሮትኮ ግድግዳውንም የሥዕሉ ክፍል አድርጎ ቀምሮታል ማለት ነው።

ቀዩ ከምን ተሠራ

ሮትኮ ከቱቦ የሚወጣ የተዘጋጀ ቀለም ብቻ የሚጠቀም ሠዓሊ አልነበረም። የቀለም ዱቄትን ከእንስሳት ሙጫና ከእንቁላል ጋር ራሱ እየበጠበጠ ስስ አድርጎ ይደራርብ ነበር። የሚፈልገው ሸራው ላይ ተኝቶ የሚያብለጨልጭ ቅብ ሳይሆን ጨርቁ የጠጣው፣ ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ የሚወጣበት ለስላሳ ገጽ ነበር። በዚህ ምክንያት በላያቸው ላይ ቫርኒሽ፣ ማለትም ሥዕልን የሚሸፍን ግልጽ መከላከያ ቅብ፣ አልቀባም። ይህ ውሳኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ጠጋኞቹን እጅ ከወርች የሚያስር ሆኖ ይመጣል።

ለመደቡ ከመረጣቸው ዱቄቶች አንዱ ሊቶል ሬድ የተባለው ነው። ሊቶል ሬድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባስፍ በተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ የተፈለሰፈ፣ ርካሽና ደማቅ፣ በዋናነት ለኅትመት ቀለም የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ቀይ ነው። ዓይነቱ ከሶዲየም፣ ከባሪየም ወይም ከካልሲየም ጋር እንደመጣመሩ ይለያያል፤ በሃርቫርድ ሥዕሎች ላይ የተገኘው የካልሲየሙ ነው። ቀይነቱን የሚሰጠው ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ተያይዘው በሞለኪዩሉ መካከል የሚፈጥሩት ድልድይ ሲሆን፣ ብርሃንና ኦክስጅን በአንድነት ያንን ድልድይ ሲሰብሩት ሞለኪዩሉ ቀይ መሆኑን ያቆማል። ዱቄቱ ከቦታው አይረግፍም፤ ገጹም አይሰነጠቅም። ቀለም መሆኑን ብቻ ይተዋል።

ሮትኮ ይህን ቀይ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ቀላቀለው። አልትራማሪን በብርሃን ረገድ እጅግ ጽኑ ነው። ስለዚህ ከጥንዱ አንዱ ሲሞት ሌላው ቆሞ ይቀራል፤ ወይን ጠጅ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህን ለመረዳት ሙዚየም መግባት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዓመት ሁለት ዓመት የተሰቀለ የማስታወቂያ ሰሌዳ የተመለከተ ሰው ቀዩና ቢጫው ጠፍተው የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር አይቷል፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። በሆልዮክ ሴንተር የሆነው ይኸው ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የተለየው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ጥፋቱ ሁሉ በሊቶል ሬድ ላይ ይላከካል፤ ሠዓሊው ርካሽ ቀለም ስለተጠቀመ ሥዕሉ ጠፋ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስድስተኛው ሸራ፣ ማለትም ሳይሰቀል የቀረውና በሠዓሊው ቤተሰብ እጅ የቆየው፣ በዚያው ዘመን በዚያው እጅ ተሠርቶ ቀለሙን እንደያዘ ኖሯል። ልዩነቱን የፈጠረው ክፍሉ ነው።

መጋረጃው

ሮትኮ አደጋውን አላወቀም ማለት አይቻልም። ሥዕሎቹ በተሰቀሉ ጊዜ የክፍሉ ብርሃን ከልክ በላይ መሆኑን አይቶ መስኮቶቹ ከፋይበርግላስ በተሠራ መጋረጃ እንዲሸፈኑ አደረገ። በወረቀት ላይ መፍትሔው ትክክል ነበር። ነገር ግን ክፍሉ በከተማው ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለ፣ ለእንግዶች ክብር የተሠራ፣ ምግብ የሚበላበት ክፍል ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መጋረጃውን ገልጦ ወደ ውጭ ማየት ነው። ያን ያደረጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሥዕሉን የጠሉም አልነበሩም። ክፍሉ ለዕይታ ተብሎ ተሠርቶ ሳለ ዕይታውን እንዲተዉ ተጠየቁ፤ እነሱም ክፍሉ ያዘዛቸውን አደረጉ።

ከጉዳዩ ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። አንድ ንድፍ አውጪ የሥራውን ሕይወት ሌላ ሰው በየቀኑ በሚያደርገው ትንሽ ተግባር ላይ ካንጠለጠለው፣ ያ ተግባር ከክፍሉ ዓላማ ጋር የሚጋጭ እስከሆነ ድረስ መቼም አይፈጸምም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎች በመጋረጃ ተሸፍነው ይኖራሉ፤ በአንዳንድ የብራና መጻሕፍትም ከሥዕሉ በላይ ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ ይወርዳል፤ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ጨርቁን ገልጦ አይቶ መልሶ ይሸፍነዋል። ይህ ሥርዓት ለዘመናት የጸናው ሰዎች ስለ ብርሃን ኬሚስትሪ ስለተማሩ ሳይሆን መሸፈኑ ራሱ የአክብሮት ክፍል ስለሆነ ነው። መጋረጃው በዚያ ከቦታው ትርጉም ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በሆልዮክ ሴንተር ግን ከቦታው ትርጉም ጋር ይጣላ ነበር።

ዓመታት እያለፉ አዳራሹ ለልዩ ልዩ ግብዣዎች የሚሰጥ ተራ ክፍል ሆነ። ወንበርና ጠረጴዛ ሸራዎቹን ገጩ፤ ምግብና መጠጥ ተረጨባቸው፤ ስም የተጻፈበትም ነበር። እነዚህ ጉዳቶች ግን በጠጋኝ እጅ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። የቀለሙ መጥፋት ሌላ ነው፤ በተለይ አምስተኛው ሸራ፣ ከትንሣኤዎቹ አንዱ፣ ከሁሉም በከፋ ሁኔታ ከቀይ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ተለወጠ። መደብዘዙም እንደየሸራውና እንደየቦታው የተለያየ ስለነበር አምስቱን የሚያስተሳስራቸው የቀለም ቅደም ተከተል ፈረሰ። ሮትኮ በ1970 ሞተ። ሥዕሎቹ በ1979 ከግድግዳው ወርደው ወደ ማከማቻ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ በ1988 ለጥናት ኤግዚቢሽን ከመውጣታቸው በቀር ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ።

ያለመንካት ውሳኔ

ቀለም የጠፋበትን ቦታ ለምን እንደገና አይቀቡትም የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በቫርኒሽ የተሸፈነ ጥንታዊ የዘይት ሥዕል ቢሆን ጠጋኙ ከቫርኒሹ በላይ በሚለቅ ቀለም ይሠራል፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢገኝ ወይም ስህተት መሆኑ ቢታወቅ ተጠርጎ ይነሳል። የሮትኮ ገጽ ግን ሽፋን የሌለውና የሚጠጣ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ የሚያርፍ ማንኛውም ጠብታ ከዋናው ጋር ተቀላቅሎ ለዘላለም ይቀራል። በዚያ ላይ የጠፋው ቁራጭ ቦታ ሳይሆን የመደቡ ሰፊ ክፍል በመሆኑ፣ እንደገና መቀባት ማለት በሮትኮ ሸራ ላይ አዲስ ሥዕል መሣል ነበር። የብሩሹ ምት፣ የመደራረቡ ስስነት፣ አንዱ ቦታ ከሌላው የሚለይበት ጥቃቅን መለዋወጥ፣ ይህ ሁሉ በደበዘዘው ገጽ ላይ ዛሬም አለ። የሄደው ቀለሙ ብቻ ነው።

የሃርቫርድ የጥበቃ ባለሙያዎችና ሳይንቲስቶች ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚዲያ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የደረሱበት ሐሳብ ከዚህ ዝርዝር ይነሳል። ገጹ ካለ፣ የጎደለው ቀለሙ ብቻ ከሆነ፣ ቀለም ደግሞ ወደ ዓይን ከሚደርስ ብርሃን ውጭ ሌላ ነገር ካልሆነ፣ ሸራውን ሳይነኩ ብርሃኑን ማረም ይቻላል።

የቀድሞውን ቀለም ማግኘት

ለማረም በመጀመሪያ ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በሥራው ውስጥ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል። ሥዕሎቹ በ1964 በኮዳክ ኤክታክሮም ፊልም ተነሥተው ነበር። ይሁን እንጂ ፊልሙም በቀለም የተሠራ ነገር ነው፤ ዕድሜ በእሱም ላይ ሠርቷል። የደበዘዘ ሥዕልን በደበዘዘ ፎቶግራፍ ማስተካከል ዕውር ዕውርን እንዲመራ መፍቀድ ይሆን ነበር። ስለዚህ በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በፊልሙ ውስጥ ያሉት የቀለም ንብርብሮች እያንዳንዳቸው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደበዝዙ በመመርመር ፎቶግራፎቹን በኮምፒውተር ወደ መነሻቸው መለሷቸው።

ይህም ብቻውን አልታመነም። ፎቶግራፍ ምን ጊዜም የካሜራውን፣ የፊልሙንና የዚያን ቀን መብራት ጠባይ ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ስድስተኛው ሸራ የምስክርነት ቦታውን ያዘ። ከእሱ ላይ የተለካው ያልጠፋ ቀለም፣ የታደሱት ፎቶግራፎች የሚሉት ከእውነተኛው ቅብ ጋር መስማማት አለመስማማቱን ለማረጋገጥ አስቻለ። ሠዓሊው ያልመረጠው ሥራ የመረጣቸው አምስቱ ምን እንደነበሩ የሚናገር ብቸኛው ሕያው ምስክር ሆነ። በሙያችን ናሙናን፣ የተረፈ ቁራጭንና የተጣለ ሙከራን ማስቀመጥ እንደ ዕቃ ማከማቸት ለሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ስሌቱ

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። አንድ ገጽ የሚያሳየው ቀለም በላዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃንና ገጹ መልሶ የሚያወጣው መጠን ሲባዙ የሚገኘው ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ነጥብ እናስብ። ይህ ነጥብ በ1964 በነጭ ብርሃን ሲበራ ከቀዩ ጨረር 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 5 በመቶ፣ ከሰማያዊው 8 በመቶ ይመልስ ነበር እንበል። ዛሬ ደብዝዞ ከቀዩ 40፣ ከአረንጓዴው 30፣ ከሰማያዊው 40 በመቶ ይመልሳል። በዚህ ነጥብ ላይ ነጭ ብርሃን ከማብራት ይልቅ ቀዩን ወደ 75 በመቶ፣ አረንጓዴውን ወደ 17 በመቶ ገደማ፣ ሰማያዊውን ወደ 20 በመቶ ቀንሰን ብናበራ፣ ወደ ዓይን የሚደርሰው መጠን ልክ እንደ ቀድሞው 30፣ 5 እና 8 ይሆናል። ሸራው ተለውጧል፤ ዓይን የሚቀበለው ግን አልተለወጠም።

ከዚህ ምሳሌ የሚታይ አንድ ቁም ነገር አለ። ዘዴው ሊሠራ የቻለው መደብዘዝ ገጹን ስለሚያፈካው ነው። የፈካን ገጽ ብርሃን በመቀነስ ማጥቆር ይቻላል። ሥዕሉ በጥቀርሻ ወይም በቆሻሻ ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ የጎደለውን ለመሙላት እጅግ ብዙ ብርሃን መጨመር ይጠይቅ ነበር፤ ያ ደግሞ ጉዳቱን የሚያባብስ ነው።

እያንዳንዱ ሥዕል በካሜራ ይታያል፤ አሁን ያለው ቀለም ቀድሞ ከነበረው ጋር ይነጻጸራል፤ ከልዩነቱ ማካካሻ ምስል ይሰላል፤ ምስሉም በፕሮጀክተር ተመልሶ በሥዕሉ ላይ ያርፋል። ምስሉ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ስሌት አለው፤ ምክንያቱም መደብዘዙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሸራው ወይም ፕሮጀክተሩ በጥቂት ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ ማካካሻው ከቦታው ይስታል፤ የቅርጾቹ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይታያል። ሌላ ብርሃን ከመስኮት ወይም ከጎን ክፍል ሾልኮ ቢገባ ስሌቱ ያላወቀው ነገር ይደመርና ቀዩ ይታጠባል። ስለዚህ በመመገቢያ አዳራሹ ያልተሳካው የብርሃን ቁጥጥር፣ እዚህ ለሥዕሉ መታየት የግድ አስፈላጊ ሆነ። ብርሃኑ ካልተገታ ቀለሙ ጨርሶ አይታይም። መጋረጃው ያጣውን ሥልጣን ስሌቱ አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአዳራሹ ግድግዳም በቀድሞው የወይራና ሰናፍጭ ቀለም ተቀባ። ፕሮጀክተሩ ሸራውን ቢመልስም የሸራውን ጎረቤት ካልመለሰ ዓይን የሚያነበው ቀይ ያው አይሆንም ነበርና፣ ከዝግጅቱ ሁሉ ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ የአዘጋጆቹን ጥንቃቄ ይበልጥ ያሳየኛል። ከአምስቱ ሥዕሎች ጋር ስድስተኛው ሸራና ሮትኮ በዝግጅት ወቅት የሠራቸው ንድፎች አብረው ታዩ።

የተነሣው ክርክር

በኤግዚቢሽኑ ላይ የቀረበው ቅሬታ ቀላል አይደለም። የፕሮጀክተር ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው፤ ወደ ሥዕሉ የተጠጋና እጁን በጨረሩ መንገድ ያስገባ ሰው ቀለሙን በመዳፉ ላይ ያያል። ሮትኮ የሚፈልገው ከሸራው ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ብርሃን ነበር፤ እዚህ ግን ብርሃኑ ከውጭ ተወርውሮ የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ተመልካች የሚያየው ሥዕል ይሁን የሥዕል ምስል ግራ ገብቶታል። ከዚህም በላይ ሠዓሊው በሕይወት የለምና ይፈቅድ እንደነበር የሚነግረን የለም።

የእኔ ፍርድ ግን ለሥራው ያደላል፤ ምክንያቴም ያ የአሥር ሰዓቱ ሥርዓት ነው። ሙዚየሙ ቀኑን ሙሉ ያሳየውን በየቀኑ በራሱ እጅ ይገልጠው ነበር። ጉዳቱን የሚሸፍን ጥገና ተመልካቹን ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ይሰደዋል፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም ሥዕሎች፣ የነበረውንና የቀረውን፣ በአንድ ቦታ በደቂቃ ልዩነት አሳይቶ ፍርዱን ለተመልካቹ ተወ። ለሙያችንም ቢሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም፤ አንድ ሰው በአዳራሹ ቆሞ፣ ሸራው ከፊቱ ሳይነቃነቅ፣ ብርሃኑ ብቻ ሲለወጥ ስቅለቱና ትንሣኤው እንዴት እንደሚለያዩና እንዴት እንደሚደባለቁ በዓይኑ አይቷል።

ከእንግዲህ ሥራ ስረከብ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ይህ ጉዳይ ለውጦብኛል። ቀድሞ የግድግዳውን ስፋትና የደንበኛውን የቀለም ምርጫ እጠይቅ ነበር። አሁን መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ገብታ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ መብራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በክፍሉ ማን ለምን እንደሚቀመጥ፣ መጋረጃ ቢኖር ማን እንደሚዘጋውና ለምን ብሎ እንደሚዘጋው እጠይቃለሁ። በብርሃን በቀላሉ ለሚጎዱ ሥራዎች ሙዚየሞች የሚይዙት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (ሉክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆን፣ በጠራ ቀን በመስኮት አጠገብ ያለ ግድግዳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይቀበላል። ለደንበኛ ይህን ቁጥር በመሣሪያ ለክቶ ማሳየት ስለ ቀለም ጽናት ከሚደረግ ረጅም ገለጻ ይልቅ ያሳምናል። ከተቀባው ቀለም ላይ አንድ ቁራጭ በጨለማ ፖስታ አሽጎ፣ ቀኑንና የዱቄቱን ስም ጽፎ ማስቀመጥም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ኤግዚቢሽኑ በጁላይ 2015 ሲዘጋ ፕሮጀክተሮቹ ተነቀሉ፤ ሥዕሎቹም ወደ ማከማቻ ተመለሱ። በእነዚያ ወራት በአንዳቸውም ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም አልተጨመረም። አምስተኛው ሸራ ዛሬም ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ የሚገኘው በኮምፒውተር ውስጥ ባሉ ቁጥሮችና ሳይሰቀል በቀረው በስድስተኛው ሸራ ላይ ነው።